ዜጋ፣ ጨዋ፣ ባለርስት፦ ‹ዲጂታል ዜግነት› በዓለም አቀፍ የበጎ ፈቃደኞች የክረምት ሥልጠና

መግቢያ

የአውሮፓ በጋ የኢትዮጵያ ክረምት ነው። ሐምሌና ነሐሴ በሁለቱም ዘንድ ትምህርት የሚቋረጥባቸው ወራት ስለ ሆኑ፣ ወጣቶችን ለበጎ ፈቃድ ሥራ የማሰባሰብ ልማድም በሁለቱም በኩል በእነዚሁ ወራት ላይ ያርፋል። በኢትዮጵያ የክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎት ሲባል ችግኝ መትከል፣ የአቅመ ደካሞችን ቤት ማደስ፣ ደም መለገስ፣ ለተማሪዎች የማጠናከሪያ ትምህርት መስጠት በአእምሮ ይመጣል። በአውሮፓ ደግሞ ከልዩ ልዩ አገሮች የመጡ በጎ ፈቃደኞች ለአንድ ሳምንት ወይም ለዐሥር ቀናት ያህል በአንድ ማእከል ተሰብስበው፣ አብረው እየበሉና እያደሩ፣ ስለ ሰብአዊ መብትና ስለ ተሳትፎ፣ ከቅርብ ዓመታት ወዲህም ስለ ዲጂታል ዜግነት የሚሠለጥኑበት ጉባኤ የተለመደ ሆኗል። የአውሮፓ ምክር ቤት በስትራስቡርግና በቡዳፔስት ያቋቋማቸው የወጣቶች ማእከላት፣ እንዲሁም ከ2000 ጀምሮ በደቡብ ስፔን በሞሊና የሚካሄደው የወጣቶችና የልማት ዩኒቨርሲቲ ለዚህ ዓይነቱ ስብሰባ መልክ ከሰጡት መካከል ይቆጠራሉ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ተሰጥተዋል።)

ከጉባኤው የሚመለስ በጎ ፈቃደኛ የሚጠበቅበት የተማረውን ለወገኖቹ ማካፈል ነው። ለወገኖቹ የሚያካፍለውም በራሳቸው ቋንቋ ነው። ስለዚህ ለአፍሪካ ቀንድና ለምሥራቅ አፍሪካ ቋንቋዎች ጥናት አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ ‹ዲጂታል ዜግነት› የተባለው ጽንሰ ሐሳብ በእንግሊዝኛ ከሚመራው ጉባኤ ወጥቶ ወደ አማርኛና ወደ ጎረቤት ቋንቋዎች ሲሻገር ምን ይዞ ይሻገራል? ከዚህ በታች የሚቀርበው ክርክር፣ ሥልጠናው የሚመራባቸው መጻሕፍት ስለ ዜግነት ቢናገሩም የሚያስተምሩት በአመዛኙ ጨዋነትን እንደ ሆነ፣ ‹ዜጋ› የሚለው የአማርኛ ቃል ታሪክም ይህን ጉድለት ከእንግሊዝኛው ይልቅ አጉልቶ እንደሚያሳይ ነው።

የመጻሕፍቱ አሠራር

በዚህ መስክ የሁለት መጻሕፍት ተጽዕኖ ሰፊ ነው። የመጀመሪያው የአውሮፓ ምክር ቤት በ2014 ያወጣው፣ በኢንተርኔት የሚሰራጨውን የጥላቻ ንግግር በሰብአዊ መብት ትምህርት ለመመከት የተዘጋጀ የአሠልጣኞች መመሪያ ነው። መጽሐፉ ከ2013 እስከ 2017 የተካሄደው የጥላቻ ንግግርን የሚቃወም የወጣቶች ዘመቻ ውጤት ነው። የዘመቻው ሐሳብ ከወጣት ተወካዮች መምጣቱና ሐምሌ 22 ቀን 2011 በኖርዌይ ኡቶያ ደሴት ወጣቶች ከተጨፈጨፉበት ድርጊት ጥላ ሥር መወለዱ ሊዘነጋ አይገባም። የጥላቻ ቃል ወደ ጥይት ሊለወጥ እንደሚችል ያየ ትውልድ የደከመበት ሥራ ነው። ሁለተኛው ያው ተቋም በ2019 ያሳተመው የዲጂታል ዜግነት ትምህርት መጽሐፍ ሲሆን፣ ምክር ቤቱ 2025ን የዲጂታል ዜግነት ትምህርት ዓመት ብሎ ሲሰይም መነሻው ይኸው ሥራ ነበር።

የ2019ኙ መጽሐፍ ትምህርቱን በ10 መስኮች ይከፍላል። መስኮቹም በሦስት ክፍሎች ተመድበዋል። በመጀመሪያው ክፍል ተደራሽነትና አካታችነት፣ ትምህርትና ፈጠራ፣ የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ንቃት ይገኛሉ። በሁለተኛው ሥነ ምግባርና ርኅራኄ፣ ጤናና ደኅንነት፣ በኢንተርኔት ላይ የሚታይ ማንነትና ግንኙነት ተካትተዋል። ሦስተኛው ክፍል ንቁ ተሳትፎን፣ መብትና ግዴታን፣ የግል ሕይወት ጥበቃን፣ በመጨረሻም የሸማች ንቃትን ይዟል። ይህ አከፋፈል ከእርሱ በፊት ከነበረው የአሜሪካ አስተሳሰብ ይሰፋል። በአሜሪካ በ2007 የወጣው የማይክ ሪብል መጽሐፍ ለትምህርት ቤቶች 9 ነጥቦችን ሲዘረዝር፣ የኢንተርኔት ሥነ ሥርዓትን ራሱን የቻለ ነጥብ አድርጎታል፤ ትምህርቱንም ‹አክብር፣ አስተምር፣ ጠብቅ› በሚሉ ሦስት ትእዛዛት ያጠቃልለዋል። የአውሮፓው መጽሐፍ መብትን በስም ጠርቶ ማስገባቱ እውነተኛ እርምጃ ነው።

ሆኖም ዝርዝሩ በጥንቃቄ ሲነበብ ሁለት ነገሮች ጎልተው ይታያሉ። አንደኛ፣ ከ10ሩ መስኮች አንዱም በቋንቋ ስም አልተጠራም። ቋንቋው በእያንዳንዱ ስልክና በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ለሚገኝ ተማሪ ይህ ላይጎድልበት ይችላል። የአገው፣ የሲዳማ ወይም የአፋር ቋንቋ ተናጋሪ ግን ከተደራሽነትም፣ ከመረጃ ንቃትም፣ ከተሳትፎም በፊት የሚገጥመው የቋንቋ ጥያቄ ነው። ሁለተኛ፣ ሰውየው ከኩባንያው ጋር ፊት ለፊት የሚገናኝበት መስክ የሚጠራው በሸማችነቱ ነው። መድረኩ የኩባንያ ንብረት ሆኖ ሳለ ዜጋው በዚያ መድረክ ላይ ያለው ቦታ በዜግነት ቋንቋ አልተገለጸም። በአንድ በኩል ዜጋ ተብሎ ይወደሳል፤ ከባለ ንብረቱ ፊት ሲቆም ግን ደንበኛ ይሆናል።

‹ዜጋ› ማን ነበር?

በዚህ ላይ የአማርኛው ቃል የሚናገረው አለ። ዛሬ ‹ዜጋ› ማለት የአገር ባለ መብት ነው። የ1995ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 6 ስለ ዜግነት፣ አንቀጽ 33 ስለ ዜግነት መብቶች ይደነግጋሉ። የቃሉ የቆየ ትርጉም ግን ከዚህ ጋር ይጋጫል ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ የተለየ ነው። ሀብታሙ መንግሥቴ በምሥራቅ ጎጃም የመሬት ሥሪት ላይ ያደረገውና በ2004 የታተመው ጥናት እንዳመለከተው፣ በቀደሙት የመሬት ሰነዶች ውስጥ ዜጋ የሚባለው የራሱ ርስት የሌለው፣ በመሬት ጌቶች ሥር በጥገኝነት የሚኖር ሰው ነበር። ዜጋው መሬቱን ያርሳል፣ ይገብራል፣ ያገለግላል፤ የሚያርሰው መሬት ግን የእርሱ አይደለም።

ቃሉ ከጥገኛነት ወደ ባለ መብትነት የተሻገረበት ጉዞ የኢትዮጵያ ዘመናዊ ታሪክ ራሱ ነው። ተማሪዎች በ1965 ‹መሬት ላራሹ› ብለው ሰልፍ የወጡት፣ የ1975ቱ የገጠር መሬት ዐዋጅም ጭሰኝነትን የሻረው በዚሁ መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ ‹ዜጋ› በአማርኛ ባዶ ዕቃ አይደለም። ከመሬት፣ ከባለቤትነትና ከጥገኝነት ጋር የተያያዘ የረጅም ጊዜ ሙግት በውስጡ አለ።

በጎረቤት ቋንቋዎችም ቃሉ የየራሱን ታሪክ ይዟል። የስዋሂሊው ‹ራያ› ከዐረብኛ የተወሰደ ሲሆን፣ በምንጩ መንጋንና በገዥ ሥር ያለ ሕዝብን ያመለክት ነበር። የሶማሊኛው ‹ሙዋዲን› እንዲሁ ከዐረብኛ ቢመጣም የተገኘው አገርን ከሚጠራው ቃል ነው። የኦሮምኛው ‹ለሙማ› የተመሠረተው ‹ለሚ› በሚለው፣ ዘርንና ወገንን በሚያመለክተው ቃል ላይ ነው። አንዱ ቋንቋ ዜግነትን ከገዥ፣ አንዱ ከአገር፣ አንዱ ከወገን፣ አማርኛ ደግሞ ከመሬት ሥሪት ጋር አያይዞ ያስባል ማለት ነው። ከእነዚህ ከአራቱ ቋንቋዎች የመጡ በጎ ፈቃደኞች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው አንዱን የእንግሊዝኛ ቃል ሲጠቀሙ የተግባቡ ይመስላሉ። ወደየአገራቸው ሲመለሱ ግን እያንዳንዳቸው የሚያስተምሩት ሌላ ሌላ ነገር ነው።

ተጨማሪ ችግርም አለ። እንግሊዝኛ ለሕጋዊው የአገር ልጅነትና ለተሳትፏዊው ዜግነት ሁለት የተለያዩ ቃላት አሉት፤ አማርኛ ሁለቱንም ‹ዜግነት› ይላል። ‹ዲጂታል ዜግነት› የሚለውን ሐረግ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማ አማርኛ ተናጋሪ በቅድሚያ ፋይዳ የተባለው ዲጂታል መታወቂያ ቢታወሰው አይፈረድበትም። በስደተኛ መጠለያ ተቀምጦ ስልክ የሚጠቀም፣ የሚጽፍ፣ ለወገኑ መረጃ የሚያደርስ ሰው ደግሞ በእንግሊዝኛው አስተሳሰብ ዲጂታል ዜጋ ሊባል ሲችል፣ በአማርኛው ቃል ከበሩ ውጭ ይቀራል። እነዚህ ችግሮች ቃሉን የሚያስጥሉ አይደሉም። አሠልጣኙ ቃሉን ሳይፈታ ወደ ጨዋታና ወደ ውይይት እንዳይሻገር ግን ያስገድዳሉ።

ከዜግነት ወደ ጨዋነት

የቃሉ ትርጉም ሳይፈታ ሲቀር ባዶውን ቦታ የሚሞላው ጨዋነት ነው። አትሳደብ፣ ሳታጣራ አታስተላልፍ፣ የሌላውን ፎቶ ያለ ፈቃዱ አትለጥፍ፣ የምስጢር ቁጥርህን ጠብቅ የሚሉት ምክሮች ሁሉ መልካም ናቸው፤ በአፍሪካ ቀንድ የሆነውን ያየ ሰው አያናንቃቸውም። ነገር ግን የመልካም ጠባይ ምክሮች ብቻቸውን ዜጋ አያደርጉም። ‹ጨዋ› የሚለው ቃል ራሱ ይህን ያስጠነቅቃል። በዕለት ተዕለት አነጋገር ጨዋ ሰው ማለት የታረመ፣ አንገቱን የደፋ ነው። በቤተ ክህነት አነጋገር ግን ጨዋ ማለት ያልተማረ፣ መጽሐፍ ያላወቀ ነው። አንድ ቃል ሁለቱንም በመያዙ፣ ሥርዓት ያለውና ነገሩን ያላወቀ ሰው በአንድ አካል ሊገኝ እንደሚችል አማርኛ ከጥንት ያውቃል። ስድብን የተወ፣ ስድብን የሚያባዛው አሠራር እንዴት እንደሚሠራ ግን ያልተማረ በጎ ፈቃደኛ በሁለቱም ትርጉም ጨዋ ነው።

አደጋው በጽንሰ ሐሳብ ደረጃ ብቻ የሚቀር አይደለም። ዲጂታል ዜግነት ጨዋነት ሆኖ ከተተረጎመ፣ ጥሩ ዲጂታል ዜጋ ማለት ዝም ያለ ሰው ይሆናል። ኢትዮጵያ በ2020 ያወጣችው የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃ መከላከያ ዐዋጅ ቁጥር 1185 ለተናጋሪው ቅጣትን፣ ለማኅበራዊ ትስስር ኩባንያዎችም ጥቆማ ከደረሳቸው በኋላ በ24 ሰዓት ውስጥ ይዘቱን የማንሣት ግዴታን ይደነግጋል። እንዲህ ያለ ሕግ ባለበት አገር፣ ሕጉን ከመጠበቅ ጎን ለጎን ሕጉን መጠየቅና መገምገም የዜጋ ሥራ መሆኑን ያልሰማ ሠልጣኝ፣ ለሚያስተምራቸው ወጣቶች የሚያደርሰው የክልከላ ዝርዝር ብቻ ይሆናል።

ካረን ሞስበርገር፣ ካሮላይን ቶልበርትና ራሞና ማክኒል በ2008 ባሳተሙት ሥራ ዲጂታል ዜጋን የተረጎሙት ኢንተርኔትን በመደበኛነትና በውጤታማነት በሚጠቀም ሰው ነው። ይህ ትርጉም በዚህ አካባቢ ሲፈተን ምን እንደሚሆን ማየት ይበቃል። በኢትዮጵያ ከሰኔ 2020 መጨረሻ ጀምሮ ለሦስት ሳምንታት ያህል ኢንተርኔት ተቋርጧል፤ በትግራይ ከኅዳር 2020 የጀመረው የግንኙነት መቋረጥ ለረጅም ጊዜ ቀጥሏል፤ በኡጋንዳ በጥር 2021 ምርጫ ሰሞን አገልግሎቱ ተዘግቷል። ዜግነት በአጠቃቀም የሚለካ ከሆነ መስመሩን የቆረጠ ክፍል ዜግነትንም ቆረጠ ማለት ነው። ዜግነት መብት ከሆነ ግን መስመሩ በተቆረጠበት ቀን ዜጋው አለ፤ የተበደለ ዜጋ ሆኖ አለ። በሥልጠናው የሚነገረው ‹ተደራሽነት› በመሣሪያና በክህሎት እጥረት ላይ ብቻ ሲያርፍ ይህን ልዩነት ያልፈዋል።

የማን ችሎት?

የ2014ቱ መመሪያ ካሉት መልመጃዎች ሁለቱ ለዚህ ውይይት ጠቃሚ ናቸው። አንደኛው የጥላቻ ንግግርን መንሥኤና ውጤት በዛፍ ሥርና ቅርንጫፍ እያመሳሰለ የሚያስተነትን ነው። ይህ መልመጃ ያለ ብዙ ድካም ወደ የትኛውም ቋንቋ ይሻገራል። ሁለተኛው ተሳታፊዎች ዳኛ፣ ከሳሽና ተከሳሽ ሆነው በአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት የታየን ጉዳይ የሚከራከሩበት ነው። መልመጃው ለአውሮፓዊው ተሳታፊ ድርብ ጥቅም አለው፤ ሐሳብን በነጻነት የመግለጽን ወሰን ያስተምረዋል፣ አቤት የሚልበትንም ደጅ ያሳየዋል። ከናይሮቢ፣ ከሐርጌሳ ወይም ከጎንደር ለመጣው ተሳታፊ ግን ሁለተኛው ጥቅም የለም። የተጫወተው በሌላ ሰው ችሎት ነው።

ይህ እንዳይሆን የሚያስችሉ የአህጉሪቱ ጉዳዮች ሞልተዋል። የአፍሪካ የሰዎችና የሕዝቦች መብቶች ፍርድ ቤት በ2014 በኮናቴና በቡርኪና ፋሶ መካከል በተደረገው ክርክር፣ ጋዜጠኛን በስም ማጥፋት ማሰር የመብት ጥሰት መሆኑን ወስኗል። የምሥራቅ አፍሪካ የፍትሕ ፍርድ ቤት በ2019 የታንዛኒያ የመገናኛ ብዙኃን አገልግሎት ሕግ አንዳንድ ድንጋጌዎች ከማኅበረሰቡ ስምምነት ጋር እንደሚጋጩ ፈርዷል። የምዕራብ አፍሪካ አገሮች ማኅበረሰብ ፍርድ ቤትም ቶጎ በ2017 ኢንተርኔት ማቋረጧ ሐሳብን የመግለጽ መብትን እንደጣሰ በ2020 በይኗል። ኢትዮጵያ የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አባል ባለመሆኗ ለኢትዮጵያዊው ተሳታፊ የሁለተኛው ችሎት ደጅ ዝግ ነው። ይህን ማወቁ ራሱ ትምህርት ነው፤ የቱ ደጅ ክፍት፣ የቱ ዝግ እንደ ሆነ የማያውቅ ሰው ስለ መብቱ የሚያውቀው ግማሹን ብቻ ነውና።

ከሁሉም ይበልጥ ለአማርኛ ተናጋሪ የሚቀርበው በናይሮቢ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ያለው ክርክር ነው። በኅዳር 2021 በባሕር ዳር አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር ተገደሉ። ልጃቸው ከሌሎች ጋር ሆኖ በታኅሣሥ 2022 በፌስቡክ ባለቤት ላይ ክስ መሠረተ። የከሳሾቹ አቤቱታ፣ አባቱን ለአደጋ ያጋለጡ ጽሑፎች በመድረኩ ላይ ተሰራጭተው እንደ ነበር፣ ጥቆማም ቀርቦ በጊዜው ምላሽ እንዳልተሰጠ፣ የኢትዮጵያን ቋንቋዎች የሚያውቁ በቂ ይዘት ተቆጣጣሪዎችም እንዳልነበሩ ይገልጻል። ኩባንያው በበኩሉ የኬንያ ፍርድ ቤት ሥልጣን እንደሌለው ተከራከረ። በሚያዝያ 2025 ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን የማየት ሥልጣን እንዳለው ወሰነ። ይህ ብይን ስለ ጥፋተኝነት የተሰጠ ፍርድ አይደለም፤ የክርክሩን በር የከፈተ ብቻ ነው። ቢሆንም በአንድ ጉዳይ ውስጥ ዲጂታል ዜግነት የሚነካቸው ነገሮች ሁሉ ተሰብስበዋል፤ ጥላቻ፣ ቋንቋ፣ ድንበር የተሻገረ አቤቱታ፣ የባለ መድረኩ ኃላፊነት። በመልመጃ መልክ ቢዘጋጅ ሠልጣኞቹ ከሳሹን እንደ ደንበኛ ማየት ያዳግታቸዋል። አቤት የሚለው የመብት ባለቤት ሆኖ ነውና።

ወንፈልና ሁዳድ

በጎ ፈቃድ የሚለው ቃልም ፍተሻ ይፈልጋል። በገጠር አማርኛ ለጋራ ሥራ የተለያዩ ስሞች አሉ። ወንፈል ጉልበትን በየተራ የመበዳደር ሥርዓት ነው፤ ዛሬ በአንዱ ማሳ የዋለ፣ ነገ በራሱ ማሳ ይመለስለታል። ደቦ በጥሪና በግብዣ የሚሠራ ነው። ሁዳድ ደግሞ ገበሬው ለመሬት ጌታው ያለ ክፍያ የሚያርሰው መሬት ነበር። ሦስቱም ከሩቅ ሲታዩ አንድ ናቸው፤ ብዙ ሰው በአንድ ማሳ ላይ ተሰልፎ ይሠራል። የሚለያዩት ምርቱ ወደ ማን ጎተራ እንደሚገባ ሲጠየቅ ነው።

በኢንተርኔት ላይ የሚፈስሰው የበጎ ፈቃደኞች ጉልበትም በዚሁ ጥያቄ ሊለይ ይገባል። የጉግል ትርጉም በ2016 አማርኛን ሲጨምር፣ በ2022 ደግሞ ኦሮምኛንና ትግርኛን ሲያክል ለተናጋሪዎቹ እውነተኛ ጥቅም ሰጥቷል። በበጎ ፈቃደኞች ማኅበረሰብ በኩል የተሰበሰበው የትርጉም ሥራ ግን የገባው ወደ ኩባንያው ጎተራ ነው። በአንጻሩ የአማርኛው ውክፔዲያ ጽሑፎች ማንም ወስዶ ሊጠቀምባቸውና ሊያሻሽላቸው በሚችል ፈቃድ የተለቀቁ ናቸው። በ2019 የተጀመረው፣ ስሙም በዙሉ ቋንቋ አብሮ መገንባትን የሚያመለክተው ማሳካኔ የተባለው የአፍሪካ የቋንቋ ቴክኖሎጂ ተመራማሪዎች ስብስብም ሥራውን ለጋራ ጥቅም ለማዋል የተነሣ ነው። ከሁሉም የሚቀድመው የግእዝ ፊደል በ1999 በወጣው በዩኒኮድ ሦስተኛ እትም ውስጥ ቦታ ማግኘቱ ነው። ያ ባይሆን በፊደሉ የሚጻፍ አንድም ዓረፍተ ነገር ከመሣሪያ ወደ መሣሪያ ሳይበላሽ አይሻገርም ነበር። ፊደሉን ያለ ማንም ባለ ንብረት ፈቃድ ሁሉም ስለሚጠቀምበት፣ ይህ ሥራ ርስት ለሚለው ቃል የቀረበ ነው።

በ2014 ይፋ የሆነው የአፍሪካ የኢንተርኔት መብቶችና ነጻነቶች መግለጫ ከ13ቱ መርሖቹ አንዱን ለባህልና ለቋንቋ ብዝኃነት ሰጥቷል። የአውሮፓው መጽሐፍ ባዶ የተወውን መስክ የአህጉሪቱ ሰነድ አስቀድሞ ሞልቶት ነበር ማለት ነው። ሁለቱ ሰነዶች በአንድ ሥልጠና ጎን ለጎን ቢነበቡ ተሳታፊዎቹ ሁሉ፣ አውሮፓውያኑም ጭምር፣ ይጠቀማሉ።

መደምደሚያ

የክረምቱ ጉባኤ የሚነቀፈው ከንቱ ስለ ሆነ አይደለም። በኡቶያ ሐዘን የተወለደ ሥራ በባሕር ዳር ላዘነ ሰው የሚናገረው አለው። ነገር ግን እንዲናገር ሦስት ማሻሻያዎች ያስፈልጉታል። የመጀመሪያው ቀን፣ ተሳታፊዎች ከስም መተዋወቂያው ጨዋታ ቀጥሎ ‹ዜጋ› የሚለውን በየቋንቋቸው ፈትተው ለሌሎች የሚያስረዱበት ቀን መሆን አለበት። የችሎቱ መልመጃ ተሳታፊው ደጃፉን ሊረግጥ በሚችልበት ፍርድ ቤት በታየ ጉዳይ መተካት ይኖርበታል። የበጎ ፈቃደኞቹ የመጨረሻ ሥራም፣ በየቋንቋቸው የተጻፈና ማንም ሊጠቀምበት በሚችል ፈቃድ የተለቀቀ መሆን ይገባዋል፤ ይህ ከተደረገ የአሥሩ ቀናት ጉልበት ወንፈል ይሆናል።

‹ዜጋ› የሚለው ቃል ርስት ከሌለው ጥገኛ ተነሥቶ የአገር ባለ መብት እስኪባል ድረስ ብዙ ትውልድ ደክሞበታል። በእያንዳንዱ ሰው ስልክ ላይ ያለው መድረክ ዛሬ የሌላ ሰው መሬት ነው፤ ተጠቃሚው በቃል፣ በምስልና በጊዜው ይገብርበታል። በዚህ መሬት ላይ ‹ዲጂታል ዜጋ› የሚለው መጠሪያ የቱን ትርጉም እንደሚይዝ፣ የጥንቱን ወይስ የዛሬውን፣ ገና አልተወሰነም። ከሥልጠናው ተመልሶ በቀበሌው አዳራሽ ወጣቶችን የሚያስተምረው በጎ ፈቃደኛ በሚመርጣቸው ቃላት የውሳኔው ተካፋይ ይሆናል።